የምንተክለው መለኪያ ታማኝ ምስክር ይሁን
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ንግግር



የጉድጓድን ውኃ፣ የወንዝን ሙላትና የዝናብን መጠን የሚለኩ ሴንሰሮች ለልማት ሥራ ታላቅ አጋዥ ሆነዋል። መሣሪያው የለካውን በሞባይል ኔትወርክ ወይም በሬዲዮ ወደ ቢሮ ይልካል። ዛሬ ልናሳስብ የወደድነው ስለ ጥበቃው ነው። ሴንሰር ምስክር ነው፤ ምስክሩን ሌላ ሰው በስውር የሚያናግረው ከሆነ በሐሰት ቃል ላይ ተመሥርተን እንወስናለን።

ነገሩ በሌላው ዓለም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ ማሩቺ በተባለ ወረዳ፣ የፍሳሽ መቆጣጠሪያውን በተከለው ድርጅት ይሠራ የነበረ ሰው በሬዲዮ የሐሰት ትእዛዝ እየላከ ፓምፖቹን አዛባ፤ 800,000 ሊትር ያህል ያልተጣራ ፍሳሽም ወደ መናፈሻና ወደ ወንዝ ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ 156 የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኖች ምንም አደጋ ሳይኖር በሌሊት ጮኹ። እንዲህ ያለው ጉዳት በአንድ ሌሊት አያበቃም፤ በከንቱ የተቀሰቀሰ ሕዝብ እውነተኛው ጎርፍ ሲመጣ ላይነሣ ይችላል።

ሴንሰሮች በትንሽ ባትሪ ስለሚሠሩ አቅማቸው ውስን ነው፤ አንዳንዶቹም መልእክታቸውን ሳያመሰጥሩ ይልካሉ። በሜዳና በወንዝ ዳር ስለሚቆሙ አላፊ አግዳሚው ሊከፍታቸው ይችላል። ብዙዎቹም ከፋብሪካ በመጡበት የይለፍ ቃል ይተከላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም 60 ያህል የታወቁ የመግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃላትን እየሞከረ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና መሰል መሣሪያዎችን በቁጥጥሩ ሥር አውሏል።

ጥበቃው ግን ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈትና ሲቆጠር ምስክር እንደሚቆም ሁሉ ለዚህም ሥርዓት ይበጅለት።

በርክክብ ዕለት የፋብሪካው የይለፍ ቃል ይለወጥ፤ አዲሱን የሚይዙት ሰዎች ስም በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ከኃላፊነት የሚነሣ ሰው ሲኖርም ዳግም ይለወጥ። የመሣሪያው ሣጥን ይቆለፍ። ከአቅራቢው ጋር በሚደረገው ውል መልእክቱ የተመሰጠረ እንዲሆን፣ ፕሮግራሙ ለስንት ዓመት እንደሚታደስና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ የሰው ዓይን አይቅር። በየሳምንቱ አንድ ሰው የውኃውን ከፍታ ምልክት በተደረገበት ገመድ ለክቶ በመዝገብ ያስፍር፤ የገመዱና የሴንሰሩ ቁጥር ሲለያዩ ምክንያቱ ሳይጣራ ውሳኔ አይሰጥ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ግን ማጣራት እስኪያልቅ አንቀመጥ፤ ከወንዙ ላይኛው ክፍል ወዳሉት ሰዎች እየደወልን፣ አረጋውያንንና ሕፃናትን ወደ ከፍታ ማውጣቱን ጎን ለጎን እንጀምር።

መሣሪያው የሚያገለግለን ጠባቂ ሲኖረው ነው። ጠባቂዎቹም እኛው ነን።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክ።