የእንጉዳይ ቤታችን ሙቀትና እርጥበት

በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ሰብሳቢያችን እንዳሉት የምናገረው ስለ እናቶቹ የእንጉዳይ ማምረቻ ቤት ነው። በእጃችሁ ባለው አጀንዳ ላይ ኤር ኮንዲሽነርና እርጥበት የሚረጭ ማሽን ገዝተን በኮንቴይነር እንላክ የሚል ሐሳብ አለ። ሐሳቡን ያመጡት ወንድሞቻችን በቅን ልብ ነው። እኔ ግን እዚህ አገር የምተዳደረው የሕንጻ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ በመትከልና በመጠገን ስለሆነ፣ እነዚህ ማሽኖች ለዚያ ቤት ምን እንደሚያደርጉለት ሳልናገር ድምፅ ባይሰጥ ደስ ይለኛል። ገንዘባችን የምታውቁት ነው፤ ለማሽን ከወጣ ለጣሪያ አይተርፍም።

እናቶቹ የሚያመርቱት ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ ነው። ዘሩ ከተቀቀለ ጭድ ጋር በላስቲክ ከረጢት ይታሰርና ሦስት ሳምንት ያህል ነጭ ድር እየሠራ ጭዱን ይወርሳል። በዚህ ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል። ከረጢቱ ዝግ ስለሆነ የክፍሉ እርጥበት ብዙም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። ድሩ ሕይወት ያለው ነገር ነውና ራሱ ሙቀት ያወጣል። ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲያሳይ የከረጢቱ መሐል 35 ሊደርስ ይችላል። እዚያ ሲደርስ ድሩ ይደክማል፣ አረንጓዴው ሻጋታ ቦታውን ይይዛል። አምና በፎቶ የተላኩልን አረንጓዴ የለበሱ ከረጢቶች በባዶ ቆርቆሮ ሥር እንደ እንጨት ክምር ተደራርበው ነበር። ጭዱም በደንብ አልተቀቀለ ይሆናል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የሚያጠፉት። ከረጢቶቹን በመደርደሪያ ላይ አራርቆ ማስቀመጥ ግን ምንም ወጪ የለውም።

ድሩ ጭዱን ከወረሰ በኋላ ከረጢቱ ይበሳል፣ እንጉዳዩም ይወጣል። አሁን ፍላጎቱ ይለወጣል። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል፣ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆን የአየር እርጥበት፣ ትንሽ ብርሃንና ንጹሕ አየር ይፈልጋል። አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

አየር ሲሞቅ ብዙ ተን ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ብቻ። በ10 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር መያዝ የሚችለው 9 ግራም ያህል ነው፤ በ25 ዲግሪ ግን 23 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ማለዳ 10 ዲግሪ ላይ ጤዛ የሞላው አየር ቀትር ላይ ቆርቆሮው 25 ሲያደርሰው፣ አንድም ጠብታ ሳይወጣ እርጥበቱ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። እናቶቹ «ጠዋት ደህና የነበረው እንጉዳይ ከሰዓት ጫፉ ይደርቃል» ያሉን ይህንኑ ነው። ሌሊት ደግሞ ይገለበጣል፤ ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፣ ተኑ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታው እንጉዳዩ ላይ ይወርዳል። ውሃ የተኛበት እንጉዳይ በባክቴሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ገበያም አያነሣውም። እንግዲህ ቀን የሚያደርቀውም ሌሊት የሚያበሰብሰውም ያው ጣሪያ ነው።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤሩት የኖራችሁ እህቶቼ፣ ከኤር ኮንዲሽነሩ ቱቦ ወደ ውጭ የሚንጠባጠበውን ውሃ ታስታውሳላችሁ። ያ ውሃ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከክፍሉ አየር የተወሰደ ነው። ኤር ኮንዲሽነር ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱንም ያወጣል። አንዱ ማሽን ውሃ እየረጨ ሌላው ያንኑ ውሃ በቱቦ ሊያፈስ ነው፤ ለሁለቱም የመብራት ሒሳብ የሚከፍሉት እናቶቹ ናቸው። ደግሞም ኤር ኮንዲሽነር ክፍል ዝጉ ይላል። እንጉዳይ ግን እንደ እኛ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንገቱ ይረዝማል፣ ባርኔጣው ያንሳል። መብራት ሲጠፋና መለዋወጫ ሲታጣ የሚሆነውን ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም።

ታዲያ በምን ይቀዝቅዝ? በእንስራ። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው ገላው ስለሚያልበው፣ ላቡም ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት 1,000 ዋት ምድጃ 40 ደቂቃ ነዶ የሚሰጠውን ያህላል። በርጥብ ጆንያ የተሸፈነ መስኮት፣ ውሃ የጠጣ የአሸዋ ወለል፣ ሁለቱም ክፍሉን እያቀዘቀዙ እርጥበት ይጨምራሉ፤ ከማሽኖቹ በተቃራኒ ሁለቱን ሥራ አብረው ይሠራሉ። ይህ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ ነው። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ ስለሚርስ ጆንያው ይነሣ፣ መስኮቱ ይከፈት፤ የክረምቱ ጠላት ድርቀት ሳይሆን ሻጋታ ነው።

ከዚህ በፊት ግን ጣሪያው። ከቆርቆሮው በላይ ወፍራም ሣር ይልበስ፣ ከሥሩ የጆንያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ይወጠር። ሣሩ የቀኑን ፀሐይ ይከለክላል፣ ቆርቆሮው ሌሊት እንዳይቀዘቅዝም ያለብሰዋል። ጭድ የሚቀቀልበት ምድጃ ታዲያ ከቤቱ ራቅ ማለት አለበት፤ ሣርና እሳት አይተማመኑም። ግድግዳው ጭቃ መሆኑ መልካም ነው፣ ማንም ብሎኬት እንሥራ እንዳይል። ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ፣ ከላይ ትኩሱን የሚያስወጣ ቀዳዳ ይውጣለት፣ ለዝንብ መከላከያም ወንፊት ይደረግበት።

እርጥበቱን ለማወቅ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል። የአንደኛው ጫፍ በርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ክፍሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ወይም 2 ዲግሪ ከሆነ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ነው። 4 ከደረሰ ወደ 65 ወርዷልና ወለሉ ይርጠብ። የሚረጨው ወለሉና ግድግዳው ነው፤ በእንጉዳዩ ላይ ጠጠር ያለ ውሃ አይፈስም። ከተረጨ በኋላም የባርኔጣው ላይ እርጥበት እስኪደርቅ አየር ይግባበት።

ይህን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። እስካሁን እናቶቹ በተራ፣ ከቤት ሥራቸው ላይ ጊዜ ቀንሰው፣ ያለ ክፍያ ነው የሚጠብቁት። አንዲት ልጅ የታመመባት እናት ቀትር ላይ ካልመጣች የሳምንቱ ምርት ይደርቃል። ከእነርሱ ለአንዷ ወርሃዊ ደመወዝ እንቁረጥ። አፍና አፍንጫ መሸፈኛም ይታሰብ። እንጉዳዩ ሲያረጅ ባርኔጣው ወደ ላይ ይገለበጥና እንደ ዱቄት ያለ ዘር ይበትናል፤ ያ ዱቄት በየቀኑ ሲተነፈስ ሳልና የሳንባ ሕመም ያመጣል። ሳይገለበጥ ይለቀም፤ ክብደቱ ትንሽ ቢያንስም የሴቶቹ ጤና ይበልጣል።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። እንጉዳይ በደንብ የሚሸጠው በጾም ነው፣ ትልቁ ገበያም የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ችግሩ ያ ወቅት የበጋው ሙቀትና ድርቀት የሚበረታበት መሆኑ ነው። ለጾሙ መግቢያ እንዲደርስ ዘሩ በጥር መጀመሪያ ከረጢት መግባት አለበት፤ ስለዚህ ጣሪያው ከገና በፊት ይልበስ። ኮንቴይነር ብንጭን ግን በጉምሩክ በኩል አልፎ ለዚያ ጊዜ መድረሱን ማን ዋስ ይሆናል?

ስለዚህ የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ የማሽኑ ግዢ ቀርቶ ገንዘቡ ለጣሪያው፣ ለውሃ ታንከር፣ ለመደርደሪያ፣ ለጆንያና ለቴርሞሜትር፣ የቀረውም ለአንድ ዓመት ደመወዝ እንዲውል ነው። የእናቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር በስልክ መስመር ላይ አሉ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እርሳቸው የሚሉትን እንስማ።