ማታሪኪ፦ ለኮከብ የሚነገር መርዶ

የዛሬው ርእሳችን ማታሪኪ ነው። ማታሪኪ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦች፣ ማኦሪዎች፣ ተጠጋግተው ለሚታዩ ጥቂት ደቃቅ ከዋክብት ያወጡት ስም ነው። እኛም በታኅሣሥ ምሽት አናታችን አካባቢ እናያቸዋለን።

ታዲያ ማታሪኪ በየዓመቱ ለአንድ ወር ገደማ ይሰወራል። የፀሐይ ብርሃን ስለሚጋርደው ነው። ከዚያ በእኛ ሰኔ ግድም፣ ሊነጋጋ ሲል ብቅ ይላል።

እስቲ ከሩቅ አገር የተመለሰ ዘመድ አስቡ። መጀመሪያ ምን ይደረጋል? እሱ በሌለበት ያረፉት ሰዎች መርዶ ይነገረዋል። ከዚያ ማዕድ ይቀርባል፤ ጉዳይ ያለውም ጉዳዩን ያዋየዋል። ማታሪኪንም የሚቀበሉት እንዲሁ ነው። ሰዎች በማለዳ ተሰብስበው በዓመቱ የሞቱባቸውን በስም ይጠራሉ። ከከዋክብቱ አንዷ፣ ፖሁቱካዋ፣ የሙታን ናትና። ቀጥሎ የበሰለው ምግብ ይከፈትና እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣል። የከዋክብቱ ድርሻ ይኸው እንፋሎት ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ ምግቡንማ ሰዎቹ ይበሉታል! የመጪው ዓመት ምኞት ደግሞ ሂዋ ለምትባለው ኮከብ ይነገራል።

ማታሪኪ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒውዚላንድ ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ጨረቃን ስለሚከተል ግን ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል።