ከገበያው በፊት የቤተሰብ ሐቅ



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ኩባያ ወተት እናወጋችኋለን። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በእኛ ቤት ብዙ ነገር ያስተማረን እሱ ነው።

የምንኖረው በአዲስ አበባ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከኮተቤ በላይ ወደ እንጦጦ ተራሮች በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ከተማው ከታች እየገፋ ቢመጣም ከወላጆቻችን የቀረችልን ጓሮና ቁራሽ መሬት አለችን። ሁለት የተዳቀሉ ላሞች፣ ጥቂት በጎችና ዐሥራ ሁለት ዶሮዎች እናረባለን። አካባቢው ብርዳማ ደጋ ስለሆነ ጤፉን ከገበያ እንሸምታለን፤ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹን፣ ጎመኑንና ነጭ ሽንኩርቱን ግን እዚያው እናመርታለን።

ቀናችን የሚጀምረው ከሱብሒ ሰላት በኋላ ነው። አንዱ በረት ይጠርጋል፣ አንዱ ያልባል፣ አንዱ ምድጃ ያቀጣጥላል። እበቱ ከፊሉ ኩበት ሆኖ ለማገዶ፣ ከፊሉ ብስባሽ ሆኖ ለጎመኑ መደብ ይውላል። የጎመኑ ግርጌ ቅጠል ለበጎች፣ የባቄላው ገለባ ለላሞች፣ የእህሉ ግርድ ለዶሮዎች ይሄዳል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ጎብጠው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው፣ ኩበት ለአንድ ቤት ምን ያህል ሸክም እንደሚያቃልል ይገባዋል። በእንዲህ ዓይነት ቤት የሚጣል ነገር የለም። አላህ (ሱ.ወ) አንዱን ለሌላው መኖሪያ አድርጎታልና አልሐምዱሊላህ።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር?

ላሞቻችን ደህና በሚታለቡበት ጊዜ በቀን 14 ሊትር ያህል ይሰጡናል። ከዚህ ውስጥ ለቤት የሚቀር አልነበረም። የጠዋቱን ወተት ሰብሳቢው፣ የማታውን ደንበኞች ይወስዱታል። እንቁላሉም ተጠራቅሞ ሾላ ገበያ ይወርዳል። ለልጆቻችን የምናቀርበው ጠዋትም ማታም ሽሮ በእንጀራ ነበር። ሽሮ ምን በወጣው! ነገር ግን በማደግ ላይ ላለ ሕፃን ብቻውን አይበቃም። ከወተቱ ገንዘብ ብስኩትና ጣፋጭ መጠጥ ስንገዛላቸውም እንደተንከባከብናቸው እንቆጥረው ነበር።

ሁለት ዓመት ያለፈው ትንሹ ልጃችን ጤና ጣቢያ ሲመዘን ለወራት ክብደቱ ፈቀቅ አላለም። ነርሷ “ቤታችሁ ምን አለ?” ስትለን፣ ወተትም እንቁላልም እንዳለን ነገርናት። “እሱስ ከዚያ ይቀምሳል?” ስትለን መልስ አጣን። ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ? የእኛ ላም በበረታችን ቆማ ነበር፤ ልጃችን ግን ወተቷን አያየውም።

በዚያው ሰሞን የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁዳዴ ገባ። በ55ቱ ቀናት ጾመኞቹ ወተትና እንቁላል ስለማይቀምሱ በከተማችን በየዓመቱ ፈላጊው ይቀንሳል። ሰብሳቢው ከምናቀርበው ግማሹን ብቻ እንደሚቀበል ነገረን። ከሰርን ብለን አዘንን። እናታችን ግን የአላህ ኒዕማ አይደፋም ብለው፣ ከተረፈው ወተት ልጆቹን ማጠጣት፣ ቀሪውንም ማርጋት ጀመሩ። ጠዋት ገንፎ በወተት፣ ቀን እንቁላል፣ ማታ ጎመን በአይብ ሆነ። ጾሙ ሊያበቃ ሲል ትንሹን ወስደን ብናስመዝነው ክብደቱ ጨምሯል፤ ይተኛ የነበረው ልጅ በጎቹን ማባረር ጀምሯል።

ፋሲካ ሲደርስ ሰብሳቢው ደውሎ ከነገ ጀምሮ ሙሉውን አምጡ አለን። ደስ ብሎን የወተቱን ዕቃ ስናጥብ እናታችን ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ “ልጆቼ፣ የጎረቤቶቻችን ጾም ሲፈታ የእኛ ልጆች ጾም ሊገባ ነው?” አሉን።

ወገኖቻችን፣ ይህን የቤታችንን ነገር የምናወጋችሁ ችግሩ የእኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ድህነት፣ በሽታና የንጹሕ ውሃ እጦት ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ላም ባለበት፣ ዶሮ ባለበት ቤትም ልጅ ይጎዳል።

የካ ደግሞ ለወተት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ 300 የፍሪዝያንና የብራውን ስዊስ ዝርያ ላሞች ወደ አገራችን ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ ድጋፍ እዚሁ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። ዩኒሴፍ የሕፃናት ድርጅት ነው። በሰፈራችን የወተቱ ሥራ ሲስፋፋ የልጅ ጉዳይ አብሮ ነበር ማለት ነው።

“ወተቱን ካልሸጥን ፉርሽካና ፋጉሎ በምን እንገዛለን? የትምህርት ቤቱስ ክፍያ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኛም ተነጋግረንበታል። ቁጭ ብለን ስናሰላው ከ14 ሊትር 2 ሊትር ብናስቀር ለአራቱ ልጆችና ለእናታችን ይበቃል፤ 12 ሊትሩ ገበያ ይሄዳል። ለብስኩትና ለጣፋጭ መጠጥ የምናወጣው ገንዘብ ሲቀር የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ባይተካም ያቀለዋል። ላሞቹ ወተት ሲቀንሱም ከልጆቹ ሳይሆን ከሚሸጠው እንቀንሳለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ለቤተሰቡ የሚያወጣው ወጪ የላቀ አጅር እንዳለው፣ የሚያስተዳድራቸውን ሰዎች ችላ ማለት ደግሞ ወንጀል መሆኑን አስተምረውናል። እኛ ግን የቤተሰብን ሐቅ ቀድመን ማንሳት ሲገባን ከትርፍ እንጠብቀው ነበር።

ለእናቶችና ለእህቶች የሚጠቅም ጥቂት ነገር ደግሞ እንጨምር። ወተት ጥሬውን አይጠጣ፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ሌሎች በሽታዎች ከላም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ስለዚህ ገንፍሎ እስኪወጣ እናፈላዋለን። ለእርጎም አፍልተን ካቀዘቀዝን በኋላ በሁለት ማንኪያ እርጎ እናረጋዋለን። ሲረጋ በወይራ በታጠነ ቅል ይናጥና ቅቤው ይወጣል። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይብ ይሆናል፤ አጓቱ ለጥጃ ነው። ጎመኑን በደቃቁ ከትፈን፣ ቀቅለን፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ቅቤ አብስለን አይቡን እናለብሰዋለን።

ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላ ምግብ ይጀመርለታል። እኛ ሁለት እጅ ገብስና አንድ እጅ ባቄላ ቆልተን፣ ፈትገን እናስፈጫለን። ገንፎው ሊበስል ሲል ወተትና የተመታ እንቁላል ጨምረን በደንብ እናበስለዋለን።

ላም ለሌለው ጎረቤትስ? መረቅ ስናበስል ውሃውን አብዝተን ለጎረቤት እንድናካፍል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መክረውናል። በረመዳን የገብስ ሾርባችን ከግድግዳው ማዶ ይሻገራል፤ ለፋሲካም ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እርጎ እንልካለን። በሁዳዴያቸው ልጃችን እንደዳነ ስንነግራቸው ይስቃሉ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ነገ ጠዋት ወተቱ ታልቦ፣ እንቁላሉ ተለቅሞ ዕቃው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ልጆቻችሁ ተመልከቱ። የእነሱ ድርሻ ተነሥቷል? ካልተነሣ ክዳኑን ክፈቱና አንሡ።

አላህ (ሱ.ወ) በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።