በአጭር ሞገድ ስለሚሰማው ጫጫታና ስለ ዜማ
(ለሙዚቃ ክበባችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ከባኮ ወደ ነቀምት ስትሄዱ ሲሬን በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋት ይሆናል። እኛ ያለፈውን ክረምት እዚያ ስናሳልፍ የማታ ሥራችን ራዲዮ ማዳመጥ ነበር። ሲመሽ አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር እየነጠረ ከሩቅ አገር ይደርሳልና፣ ባሕር ዛፍ ላይ ሽቦ ዘርግተን የሚያፏጨውንም የሚንሾካሾከውንም ቀዳን። አሳባችን ከዚህ ሙዚቃ ለመሥራት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው ጆን ኬጅ በ1951 12 ራዲዮኖች ለ24 ሰዎች አከፋፍሎ፣ አንዱ ጣቢያውን ሌላው የድምፁን ኃይል እንዲለዋውጥ አድርጎ አጫወተ። ጀርመናዊው ሽቶክሃውዘን በ1968 «አጭር ሞገዶች» ባለው ሥራው፣ ተጫዋቾቹ በዚያች ሰዓት ከአየር የያዙትን ድምፅ በመሣሪያቸው እንዲከተሉና እንዲለውጡ አዘዘ። ቁጥር ብቻ የሚያነቡ፣ ባለቤታቸውን የማይናገሩ ጣቢያዎችም አሉ፤ ድምፃቸው በ1997 «ኮኔት ፕሮጀክት» ተብሎ በ4 ሲዲ ወጥቷል። ከእነርሱ በአንዱ የእንግሊዝ ባላገር ዜማ ይሰማና አንዲት ሴት አምስት አምስት ቁጥር ትጠራ ነበር፤ የመጨረሻይቱን ቁጥር ከፍ አድርጋ ነበር የምትለው። ዜማ ማለት ይኸው አይደለምን?

ታዲያ ከሁሉ የማረከን ድምፅ ከአየር ሳይሆን ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤት ካሴት ተገኘ። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ከአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት የቀዱት ነው። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው፣ ሥርጭቱን ለማፈን ዝግጅት መኖሩን በአደባባይ ተናግረዋል። በካሴቱ ላይ እንደ ክረምት ወንዝ የሚያጓራ ድምፅ ተናጋሪውን ይውጠዋል። እኛ «እንዴት ያምራል!» አልን። ሽማግሌው ግን፣

«ልጆቼ፣ እናንተ ዜማ ትሉታላችሁ። እኔ ያን ማታ የፈለግሁት ዜናውን ነበር» አሉን።

ያን ሌሊት እርስ በርሳችን ተከራከርን። ከመካከላችን «ድምፅ ድምፅ ነው፣ ምንጩ ምን ያደርግልናል?» ያለ ነበር። አልተቀበልነውም። የኬጅ ራዲዮ ጫጫታ ያጋጣሚ ነው፤ ይኸኛውን ግን ሰው ሆን ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ የሠራው ነው። ለጌጥ ብንደጋግመው አፈናውን በእጃችን መቀጠል መሰለን።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን፦ ክራሩና ማሲንቆው ጫጫታውን ይከተላሉ፤ ከሥሩ የሰው ቃል ብቅ ሲል ግን ሁሉም ዝም ይላሉ። እስካሁን አጥርተን የሰማነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ትናንት» ይላል። ሌላ ቃል የሚለይ ጆሮ ያላችሁ ሐሙስ ማታ ወደ ክበቡ ክፍል ኑልን፤ ካሴቱን እናሰማለን።