አሮጌ መኪናችንን ስናሻሽል ምቾቱን እንዳናጣ
(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ እንድናገርበት በኮሚቴው የተሰጠኝ ጉዳይ የአሮጌ መኪናዎቻችን እግር ነው። እግር ስል ጎማውን፣ ቸርኬውን፣ ሞላውንና አሞርዛተሩን ማለቴ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የባለ መኪናው የግል ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩን ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እንደምታውቁት በሰፈራችን ሌሊት ሰው ሲታመም፣ እናት ምጥ ሲይዛት፣ ለቅሶ ሲደርስ የምንጠራው ተረኛውን መኪና ነው። ከተረኛ መኪናዎቻችን ውስጥ አብዛኞቹ ላዳና ኮሮላ ዲኤክስ ናቸው። ስለሆነም የመኪናው ባለቤት አንድ ሰው ቢሆንም የሚሳፈርበት ሰፈሩ በሙሉ ነው።

ለኮሚቴው ሁለት ዐይነት አቤቱታ ደርሶታል። አንደኛው ከተሳፋሪ ወገን ነው። ዝቅ የተደረጉና ትልልቅ ቸርኬ የገባላቸው መኪናዎች ለዐይን ያምራሉ እንጂ ኮብልስቶኑ ላይ ሲሄዱ ወገብ ይሰብራሉ፤ ሕመምተኛ አይችላቸውም ይላል። ሁለተኛው ከወጣት ባለ መኪናዎች ነው። «መኪናችን አርጅቷል፤ ኩርባ ላይ ያዘነብላል፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ይደፋል፤ ብናሻሽለው ምን ጥፋት አለው?» ይላሉ። እንግዲህ ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔም ይህን ንግግር ሳዘጋጅ በአካባቢያችን ካሉ መካኒኮችና ጎሚስታዎች ጋር ተነጋግሬ የደረስኩበት ነገር አንድ ነው። ማሻሻልና ምቾት አይጣሉም፤ የሚጣሉት ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። ያረጀው ሳይታደስ አዲስ ነገር ሲጫንበት፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ይረሳል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለውን አሮጌ መኪና ገና ብዙ እንነዳዋለን። ደኅና አድርጎ መያዝ የውዴታ ሳይሆን የግዴታ ነው።

መኪናው መጀመሪያ ለምን ተሠራ?

ላዳ የመጣው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ በተባለችው የሩሲያ ከተማ መሠራት ሲጀምር መሐንዲሶቹ ፊያቱን እንዳለ አልወሰዱትም። ለአገራቸው መጥፎ መንገድ እንዲሆን የቦዲውን ቆርቆሮ አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ እግሩንም አጠናከሩት። እንግዲህ አስቡት፤ ለኮርኮንች ብለው ከፍ ያደረጉትን መኪና እኛ እዚህ በመጋዝ ዝቅ ስናደርገው የእነዚያን ሰዎች ድካም ነው የምንሽረው። ኮሮላ ዲኤክስም እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሞዴል ሲሆን፣ ከሥር ቀላልና በቀላሉ የሚጠገን መኪና ነው። ዋናው ችግራቸው ዕድሜ ነው እንጂ አሠራራቸው አይደለም።

ምቾት ከየት ይመጣል?

መንገዱና ወንበራችን መካከል አራት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የጎማው ጎን ነው። አየር የያዘው ያ ጎን ራሱ አንድ ሞላ ነው፤ የድንጋዩን ሹል ምት መጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሞላው ነው፤ ጉድጓዱንና የፍጥነት መቀነሻውን ጉብታ ይውጣል። ሦስተኛው አሞርዛተር ነው፤ ሾክ አብዞርበር የሚሉትም አሉ። ሥራው ሞላው ከተጨመቀ በኋላ እየዘለለ እንዳይቀር ማርገብ ነው። አራተኛው ብረትና ብረት በሚገናኙበት ቦታ የሚገባው የላስቲክ ቡሽ ነው፤ ድምፅንና ትናንሽ መንቀጥቀጥን ይይዛል። ከአራቱ አንዱ ሲደክም ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻም በተሳፋሪው ወገብ ላይ።

አንደኛ፣ ያረጀውን ማደስ

ማሻሻል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ አስነሥቶ ቡሾቹን ያስይ። የተሰነጠቀና የደረቀ ላስቲክ መኪናውን ያንኳኳዋል፤ መሪውንም ያላላዋል። ብዙ ሰው «መኪናዬ ደረቀብኝ» እያለ ጎማ የሚቀይረው ቡሹ አልቆ ሳለ ነው። እዚህ ላይ ለመካኒካችሁ ልትነግሩት የሚገባ ነገር አለ። አዲሱ ቡሽ ሲገባ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ እስከ መጨረሻው መታሰር የለበትም። እንዲህ ከታሰረ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ መኪናውም ይደርቃል፣ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። ትክክሉ ቡሎኑን አላልቶ ማስገባት፣ መኪናውን በጎማው ማቆም፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። ዋጋ አይጨምርም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ወጣቶቹ ኩርባ ላይ ያዘነብላል ላሉት ደግሞ፣ ከፊት ያለውን ስታቢላይዘር የሚባለውን ዘንግና ላስቲኮቹን አስቀድመው ያስዩ። ይህ ዘንግ አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሣ ይታገለዋል፤ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ሲነሡ ግን ምንም አያደርግም። ስለዚህ ጉብታውን በቀጥታ ስንወጣው ሳያደርቀን ኩርባ ላይ ማዘንበሉን ይቀንሳል። ላስቲኩ ካለቀ ግን ዘንጉ ኖረም አልኖረም ያው ነው።

ሁለተኛ፣ አሞርዛተር

የመኪናውን አንድ ማዕዘን በሁለት እጅ ተጭናችሁ ልቀቁት። ተነሥቶ ወዲያው ከረጋ ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ አሞርዛተሩ አልቋል። ይህ ፈተና የለየለትን ድካም ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ዘይት ማፍሰሱንም እዩ። ሲቀየር ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየር፣ ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ሊስት ይችላል።

ከፋብሪካው ልክ ትንሽ ጠንከር ያለ አሞርዛተር መግዛት መጥፎ አይደለም፤ አፍንጫ መድፋቱን ይቀንሳል። በጣም ጠንካራውን መግዛት ግን ለውድድር ሜዳ ነው፤ ለኮብልስቶን አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የዲኤክስ የፊት አሞርዛተር በሞላው መሐል ነው ያለው፤ ሞላውም ተጨምቆ ነው የታሰረው። ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የላይኛውን ዳዶ የሚፈታ ሰው ሞላው ተወርውሮ ሊገድለው ይችላል። ቤት ውስጥ በብልሃት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሞላ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥፋት የሚሠራው። መኪና ዝቅ እንዲል ሞላ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ወይም በእሳት ይሞቃል። የሞላ ጥንካሬ በጥምዝምዙ ብዛት ይወሰናል፤ ጥምዝምዙ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይደርቃል። 8 የሚሠራ ጥምዝምዝ ያለው ሞላ ሁለቱ ቢቆረጡበት አንድ ሦስተኛ ያህል ይጠነክራል። በዚያ ላይ መኪናው ዝቅ ስላለ የሚታጠፍበት ቦታ ያጥራል፤ አራት ሰው ሲጫን ከማቆሚያው ላስቲክ ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ ነው ሕመምተኛው የሚጮኸው። በእሳት ማሞቅማ ከዚህ ይብሳል፤ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል፣ ከዚያም ይረግባል ወይም ይሰበራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መኪናው ደረጃ በሌለው መሬት ላይ ሳይሆን በደልዳላ ቦታ ይቁም። የግራና የቀኝ ቁመቱ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ይለካ። አንዱ ወገን ከወረደ ሞላው ደክሟል፤ በመኪናው ልክ በተሠራ ሞላ በጥንድ ይቀየር። በኔ አስተያየት ለሰፈራችን መንገድ የፋብሪካው ቁመት ይበቃል።

አራተኛ፣ ቸርኬና ጎማ

ቸርኬ መቀየር ያምራል፤ እኔም አልቃወምም። ግን ከመግዛታችን በፊት ጎማው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። 185/60 አር 14 የሚል ጎማ ወርዱ 185 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የወርዱ 60 በመቶ ነው፣ ማለት 111 ሚሊ ሜትር፤ 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በዚህ ስሌት የዲኤክስን 155 አር 13 ጎማ ከሌሎች ጋር ሳስተያየው የሚከተለውን አገኘሁ፤

155 አር 13፦ ጎኑ 124፣ ጠቅላላ ቁመቱ 578 ሚሊ ሜትር።
175/70 አር 13፦ ጎኑ 122፣ ጠቅላላ ቁመቱ 575 ሚሊ ሜትር።
185/60 አር 14፦ ጎኑ 111፣ ጠቅላላ ቁመቱ 578 ሚሊ ሜትር።
195/50 አር 15፦ ጎኑ 97፣ ጠቅላላ ቁመቱ 576 ሚሊ ሜትር።
205/40 አር 16፦ ጎኑ 82፣ ጠቅላላ ቁመቱ 570 ሚሊ ሜትር።

ጠቅላላ ቁመቱ ብዙ አልተለወጠም፤ ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው ብዙ አይዋሽም። የተለወጠው ጎኑ ነው። ባለ 16 ቸርኬ ያስገባ ሰው ከጎማው ትራስ ሦስተኛውን ያህል ጥሏል። ጉድጓድ ሲመታም የሚታጠፈው ቸርኬው ነው። ባለ 13 ሆኖ 175/70 ያስገባ ሰው ግን መንገድ የሚይዝ ሰፋ ያለ ጎማ አገኘ፤ ከምቾቱ ምንም አልጎደለበትም ማለት ይቻላል። ላዳ 2107 ራሱ ከፋብሪካ ሲወጣ 175/70 አር 13 ነበር ያደረገው። መልክም የሚፈልግ በ14 ይቁም፤ 5.5 ኢንች ወርድ ያለው ቸርኬ ለ185/60 ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ለተረኛ መኪና አልመክርም። ሲገዛም ክብደቱ ይታይ። ከባድ ቸርኬ እግሩን ስለሚያከብደው ሞላና አሞርዛተሩ ሊቆጣጠሩት ይቸገራሉ።

ቀጥሎ የቡሎን ቀዳዳ ነው። ላዳ 4 ቀዳዳ ሆኖ ክቡ 98 ሚሊ ሜትር ነው። ዲኤክስ 4 ቀዳዳ፣ 114.3 ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት በፊት ጎማ የሚጎተቱት ኮሮላዎች 4 ቀዳዳ፣ 100 ናቸው። አደጋው እዚህ አለ። የ100 ቸርኬ ላዳ ላይ በግድ ይገባል፤ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ። ገባ ማለት ግን ተቀመጠ ማለት አይደለም። ቡሎኑ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፣ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ቡሎኑም እየላላ ሄዶ ጎማው መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። «ይገባል፣ ችግር የለውም» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። ቸርኬው ወደ ውጭ የወጣ ከሆነም ኩሽኔታውን ይጎዳል።

ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ጎማ ብዙ ነው። የሚሸከመውም ክብደት በቁጥር ተጽፏል፤ ለምሳሌ 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ከፋብሪካው ያነሰ አትግዙ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ባላንስና አላይመንት ይሠራ። ከዚያ አራት ሰው አሳፍራችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም ወገን አዙሩ፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም የፍሬኑን ጎማ ቱቦ የሚነካ ከሆነ አልሆነም። የአየሩም ልክ በመኪናው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። አየር አብዝቶ መንፋት ቤንዚን ይቆጥባል ብለው ምቾቱን የሚጥሉ አሉ። በጣም ማሳነስም ጎማውን ያቃጥላል።

የኮሚቴው ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ኮሚቴው ለጠቅላላ ስብሰባው ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ ሞላው የተቆረጠ ወይም በእሳት የሞቀ መኪና በመኪናው ልክ በተሠራ ሞላ እስኪተካ ድረስ ከሌሊት ተራ ይውጣ። ባለቤቱን ለመቅጣት አይደለም፤ የሚሳፈረው ሕመምተኛ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ቡሎኑ ከቸርኬው ጋር የማይገጥም መኪና ማንንም እንዳያሳፍር። ሦስተኛ፣ ተረኛ መኪናዎች በየሦስት ወሩ አሞርዛተራቸው፣ ቡሻቸውና ጎማቸው ይታይ። ባለ መኪናዎችም ዕቃ ሲገዙ በኅብረት ቢገዙ ዋጋ መደራደር ይቀላል።

ለወጣቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። መኪናችሁን ማስዋባችሁን አንጠላም፤ ያማረ መኪና የሰፈር ኩራት ነው። ገንዘባችሁን ግን መጀመሪያ በማይታየው ላይ አውጡ። ቡሹ፣ አሞርዛተሩ፣ ሞላው ደኅና ከሆነ በኋላ የምትገዙት ቸርኬ በእውነት ያምራል። መኪናው የተሻሻለ መሆኑን የምናውቀው ቆሞ ስናየው ሳይሆን ከኋላው ወንበር ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ኮብልስቶኑን ስትጨርስ ምንም ሳትል ስትቀር ነው።

ጥያቄ ያለው አባል አሁን ሊያቀርብ ይችላል፤ በስብሰባው ያልተገኘም በማኅበሩ ቢሮ መጥቶ ሐሳቡን ያስመዝግብ።