የመጠባበቂያ ዲስክ ሲሞላ ምን እናጥፋ?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአደባባይ ንግግር የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ብዙዎቻችን ባክአፕ የምንለው የመጠባበቂያ ዲስክ ሲሞላ ቦታ እንዴት ይለቀቅ የሚል ነው። ርእሱን የመረጥሁት በዚሁ ጉዳይ ላይ የተሳሳተ ምክር ሰጥቼ ስለማውቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ላፕቶፑንና ዲስኩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። «ዶክተር፣ ዲስኩ ሞላብኝ፤ አዲስ ቅጂ አልቀበልም ብሏል» አለኝ። የጥናቱን ፎልደር በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይገለብጥ፣ እያንዳንዱንም በተገለበጠበት ቀን ይሰይም ነበር፤ ጠንቃቃ ልጅ ነው። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «አሮጌዎቹን አጥፋቸው፤ የመጨረሻው ቅጂ ሁሉንም ይዟል» አልሁት። ሰማኝ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን አጠፋ።

ከአንድ ወር በኋላ መረጃውን መተንተን ሲጀምር ቁጥሮቹ ትርጉም አልሰጥ አሉት። የ71 ዓመት አሮጊት የሁለት ወር ሕፃን የሚያጠቡ ሆነው ተገኙ። ተቀምጠን ስንመረምር፣ በኤክሴል ሠንጠረዡ ላይ የዕድሜውን ዐምድ ብቻውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮት ኖሯል፤ ሌሎቹ ዐምዶች ባሉበት ቀርተዋል። ኤክሴል እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ያስጠነቅቃል፤ እሱ ግን ማስጠንቀቂያውን በችኮላ አልፎታል። ይህ የሆነው ከአምስት ወር በፊት ነበር። በዲስኩ ላይ የነበሩት ቅጂዎች በሙሉ ያንኑ ስሕተት አንዳችም ሳያጓድሉ ይዘውት ተገኙ።

«የመጨረሻው ቅጂ ሁሉንም ይዟል» ያልሁት ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰበት ቀን ይታወቃል። የእጃችን ስሕተት ግን ወዲያው አይታይም፤ እስኪታይም ድረስ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ ከመጠባበቂያ ዲስክ ላይ አሮጌ ቅጂ ስናጠፋ፣ ስሕተታችንን ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ እንዳለን እየወሰንን ነው። እኔ ለተማሪዬ ሦስት ሳምንት ፈረድሁለት ማለት ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ቦታው አለመጥበቡ ነው። ዘግይተን ስንለካው የኤክሴል ፋይሉ 3 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። የዓመቱን 52 ሳምንት ቅጂ ሁሉ ብናስቀምጥ ከ156 ሜጋባይት አያልፍም፤ የአንድ ፍላሽ ጥግ ይበቃዋል። ዲስኩን የሞላው ሌላ ነበር፦ የተጫኑ ፕሮግራሞች ማስጫኛ ፋይሎች፣ ከኢንተርኔት የወረዱ ቪዲዮዎች፣ በየሳምንቱ ሳይለወጡ እንደገና የሚገለበጡ ስካን የተደረጉ መጻሕፍት። እነዚህን ከመጠባበቂያው ዝርዝር ማስወጣት ይበቃ ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ቅጂ ከማጥፋታችሁ በፊት ፎልደሮቹን በመጠናቸው ደርድሩና የትኛው ቦታ እንደያዘ እዩ። በነገራችን ላይ፣ 1 ቴራባይት ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታያችሁ የጎደለ ነገር የለም። አምራቹ በ1,000 እያበዛ፣ ዊንዶውስ በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥሩ ነው፤ ሻጩን ለመውቀስ ወደ መርካቶ አትመለሱ።

ሁለተኛው ብክነት የአገለባበጥ ዘዴ ነው። 200 ጊጋባይት የሚሆን ሥራ በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ቢገለበጥ በ12 ሳምንት 2,400 ጊጋባይት ይይዛል። አንድ ጊዜ ሙሉ ቅጂ ወስዶ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም ብንጠቀም፣ በሳምንት 5 ጊጋባይት ተለወጠ ብንል እንኳ፣ ጠቅላላው 255 ጊጋባይት ነው። ነገር ግን በዚህ ዘዴ የተያዙ ቅጂዎች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። አሮጌ ስለሆነ ብቻ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በእጁ የሚያጠፋ ሰው፣ ተከትለው የመጡትንም ከጥቅም ውጪ ሊያደርጋቸው ይችላል። ማጥፋት ካለበት ፕሮግራሙ ራሱ ያጥፋ።

ታሪክን ሙሉ በሙሉ ከመቁረጥ ማሳሳት ይሻላል። የአፕል ታይም ማሽን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ላለፉት 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ላለፈው አንድ ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ለነበሩት ወራት በየሳምንቱ የተያዘ ቅጂ ያስቀምጣል። ዲስኩ ሲሞላ ግን እሱም አሮጌዎቹን ያጠፋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ጉድጓድ አለ። ላፕቶፑ ሲጠብበን «ባክአፕ ላይ አለ» እንልና ዋናውን ፋይል እናጠፋዋለን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዲስኩ ላይ ያለው መጠባበቂያ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛው ቅጂ ሆኗል፤ ፕሮግራሙ ግን ይህን አያውቅም፤ ተራው ሲደርስ ያጠፋዋል።

አሁን ተማሪዎቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መረጃ ተሰብስቦ ባለቀበት ቀን፣ ገና ምንም ሳይነካ፣ አንድ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ያም ቅጂ ቦታ ጠበበ ተብሎ አይነካም።

የዚያ ተማሪ መጠይቆች በወረቀት ነበሩ። እናቱ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ በሁለት ካርቶን ተቀምጠው ቆዩት። ዕድሜውን ከወረቀቱ እንደገና ለማስገባት ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ ትንተናውን ከመጀመሪያው ሲጀምር የመከላከያ ቀኑ አለፈው፤ ምረቃውም ወደ ቀጣዩ ዓመት ተዛወረ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፤ ለእኔ ግን ይህ አላቀለለውም። ዛሬ አብዛኞቻችሁ መረጃ የምትሰበስቡት በታብሌትና በስልክ ነው፤ አልጋ ሥር የሚጠብቃችሁ ካርቶን የለም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ። የሞላ ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁም ቆዩኝ፤ ምንም ሳናጠፋ አብረን እናየዋለን።