ዶሮ ይቅደም ወይስ ውሻ?



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዶሮ እርባታ ነው። ዶሮ ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር ተመራማሪዎች ቆፍረው ያገኙት የዶሮ አጥንት ከ2,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ስለዚህ ከተማ ያደግሁ ተማሪ ስለ ዶሮ ላስተምራችሁ ማለቴ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ስሕተቱን በአደባባይ ተናግሬ ማረም ስላለብኝ ተነሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ አጠገብ ባለች መንደር አንድ አባወራ፣ «ልጄ፣ ዶሮ ማርባት ልንጀምር ነው። ሽለምጥማጥ ግን አላስቀምጥ ብሎናል። ምን ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «አስቀድመው ውሻ ይግዙ» አልኳቸው።

እሳቸውም ምክሬን ሰምተው ከከተማ አንድ ትልቅ ውሻ አመጡ። ውሻው የተራበ ነበር፤ ከዶሮም ጋር አላደገም። ከዚያ ባለቤታቸው ሦስት ቄቦችና አንዲት ጫጩት የያዘች እናት ዶሮ ከገበያ ገዙ። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ውሻው በመጀመሪያው ሳምንት እንቁላል መብላት ለመደ። በሁለተኛው ሳምንት ጫጩቶቹን ጨረሰ። ሽለምጥማጡም አልቀረም። አንድ ሌሊት ውሻው በደጅ ተኝቶ ሳለ በጓሮ በኩል ገብቶ እናቲቱን ወሰዳት።

ሰውየው አልተቆጡኝም። «የልጄ የደብተር መግዣ ነበሩ» ብቻ አሉኝ። ይህ ቃል ከስድብ ይልቅ ቆረቆረኝ። አጠገባቸው የነበሩ አንዲት እናት ደግሞ፣ «ልጄ፣ ቤት ሳይሠራ ዘበኛ የሚቀጥር ማን አለ?» አሉኝ።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ የእኒያ እናት ንግግር ነው። በመጀመሪያ የዶሮ ቤት ይሠራል። ቀጥሎ ጥቂት ዶሮ ይገባል። ውሻ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የዶሮ ጠላቶች ሦስት ናቸው። የቀን ጠላት አለ፤ እሱም ከሰማይ የሚወርደው ጭልፊት ነው። የሌሊት ጠላት አለ፤ እሱም ሽለምጥማጥና የዱር ድመት ነው። ሦስተኛው ጠላት በዓይን አይታይም፤ እሱም ፈንግል ነው። ጥሩ ውሻ የሌሊቱን ጠላት በጩኸቱ ያርቅ ይሆናል። ጭልፊትን ግን ብዙ ጊዜ አይደርስበትም፤ ፈንግልንም አይከለክልም። ደግሞም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ውሻ በየቀኑ መብላት አለበት። ካልበላ የሚጠብቀውን ራሱን ይበላል።

ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ዶሮን የምናሳድረው ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ይህ ቁንጫና ቅማል ያመጣል። የዶሮ ቤት ለመሥራት ግን ቆርቆሮ መግዛት አያስፈልግም። ዶርዜዎች ሰው የሚኖርበትን ረጅም ቤት ከቀርከሃ ይሠሩ የለም ወይ? ያ እጅ የዶሮ ቤት መሥራት አያቅተውም። ቤቱን በእንጨት ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። በውስጡ ቆጥ አድርጉ። ቀዳዳው ጣት ከሚያስገባ አይብለጥ። በሩ በደንብ የሚዘጋ ይሁን፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ይዘጋ። በጨንቻ በኩል ብርድ ስለሆነ በነፋስ በኩል ያለውን ግድግዳ ምረጉት። በአርባ ምንጭ በኩል በዓባያና በጫሞ ዳር ሙቀት ስለሆነ ነፋስ የሚያስገባ ይሁን፤ ጥላም ይኑረው። ወለሉን በየጊዜው ጥረጉ፤ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት አመድም ጥግ ላይ አድርጉላቸው፤ ቅማል ይቀንሳል።

አሁን ዶሮ ይግባ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትግዙ። አራት ቄብና አንድ አውራ ይበቃል። የአገር ዶሮ አንድ ጊዜ መጣል ስትጀምር ከ12 እስከ 15 እንቁላል ያህል ጥላ ለመታቀፍ ትቀመጣለች። በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል ትጥላለች። ስታስታቅፉ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል፤ ከበዛ ሁሉንም አታሞቀውም። በ21 ቀን ይፈለፈላል።

ጫጩት በብዛት የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ነው። ዘጠኝ ተፈልፍለው ሦስት ብቻ ያደጉበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ጫጩቶቹን ቀን ቀን ሰፊ ቅርጫት ድፉባቸው፤ ጭልፊት አይነካቸውም። የተሸረከተ በቆሎና ምስጥ ስጧቸው። ውሃው በዝርግ ዕቃ ይሁን፤ ጫጩት በጎድጓዳ ዕቃ ትሰጥማለች።

ፈንግልን የምታውቁት ይመስለኛል። ዶሮዋ ክንፏን ትጥላለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ መንደሩ በሙሉ በጥቂት ቀን ይራቆታል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ከተማ ይመረታል። በዓይን የሚጨመረው ዓይነት ለአንድ ዶሮ አንድ ጠብታ ሲሆን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ የታመመችውን አያድናትም። አንድ ሰው ብቻ ቢያስከትብ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምታችሁ የእንስሳት ጤና ሠራተኛውን በአንድ ቀን ጥሩት።

ከገበያ የመጣች ዶሮ 15 ቀን ለብቻዋ ትቆይ። የሞተችውን ዶሮ ደግሞ ሜዳ ላይ አትጣሉ። ውሻ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ጓሮ እየጎተተ በሽታውን ያዳርሳል። አርቃችሁ ቆፍራችሁ ቅበሩ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ዶሮው ሲበዛና የውሻ ቀለብ ሲተርፍ ያን ጊዜ ውሻ ይምጣ። ትልቅ ውሻ ሳይሆን ቡችላ ይሁን፤ ጡት ከተወ በኋላ፣ ማለትም ሁለት ወር ሲሞላው ውሰዱት። ዶሮዎቹን እያየ ይደግ። ዶሮ ሲያባርር ወዲያው ከልክሉት፤ ዝም ሲል አብሉት። የእንቁላል ቅርፊት አትጣሉለት፤ ጣዕሙን ይለምዳል።

አንድ ነገር አትርሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል። ውሻው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ በየዓመቱም ይደገምለት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. ውሻ የነከሰውን ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ፣ ሳይዘገይ የተከተበ ሰው ይድናል።

ወገኖቼ፣ ፊደል የቆጠርነው ለምን ነው? ለዚህም ጭምር ነው። ዶሮዋ የታቀፈችበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ፤ 21 ቀን ቆጥራችሁ ጠብቁ። የተከተቡበትን ቀን ጻፉ። የመድኃኒቱን ዕቃ አንብቡ፤ ቀኑ ካለፈበት አትቀበሉ። ስንት እንቁላል እንደተሸጠ፣ ስንት እንደተበላ መዝግቡ። ያን ጊዜ ትርፉንና ኪሳራውን ማንም ተማሪ መጥቶ አይነግራችሁም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እኒያን አባወራ ባለፈው ሰሞን አገኘኋቸው። የቀርከሃ ቤት ሠርተዋል። ሁለት ቄብ አስገብተዋል። ውሻውን ቀን ያስሩታል፤ ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይለቁታል። የልጃቸው ደብተር ገና አልተገዛም። ነገር ግን አንደኛዋ ቄብ መጣል ጀምራለች፤ ልጅቷም ቁጥሩን በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። ሳያት ሰባት ደርሳ ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።